ያልበላሁት ሥጋ

ሰው ሰብሰብ ብሎ ስለ ድሮዋ ጎንደር ሲጫወት፣ ጨዋታው አንድ ቦታ ሲደርስ እኔ ነጠላዬን አጣፍቼ ዝም እላለሁ። «እስላምና ክርስቲያኑ ድስት ይለይ ነበር እንጂ ልብ አይለይም ነበር» የሚሉበት ቦታ ነው። ውሸት ነው አልልም። ሠርግ ሲደገስ ሁለት ዳስ ይጣል ነበር፤ አንዱ ለእኛ፣ አንዱ ለእስላም ጎረቤቶቻችን። ለእነሱ የሚታረደው በግ ተለይቶ ይታሰራል፤ አራጁ ከእነሱ ወገን ይመጣል፤ ወጡን የሚሠሩት ሴቶችም ከነድስታቸውና ከነማማሰያቸው ይመጣሉ። ሁሉም በየዳሱ ከበላ በኋላ ግን ጭፈራው አንድ ግቢ ውስጥ ነው። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ታዲያ እኔ አደራ ጠብቃ ያሳደገችኝን እስላም ሴት በገዛ አፌ ያዋረድሁ ሰው ነኝ፤ ያን ጨዋታ ሌሎቹ በሚጫወቱበት ደስታ መጫወት አይሆንልኝም።

አባቴ መሪጌታ ነበር፤ ከጎንደር አድባራት በአንዱ ዜማ የሚመራ፣ ቅኔ የሚያስተምር። ቤታችን ወደ እስላሞቹ ሰፈር ወደ አዲስ ዓለም በሚያወርደው ቁልቁለት አፋፍ ላይ ሲሆን፣ ከአጥሩ ወዲህ እኛ፣ ከአጥሩ ወዲያ አንድ እስላም ሸማኔ ከነሚስቱና ከነልጆቹ እንኖር ነበር። ጠዋት አባቴ ደጅ ተቀምጦ ሲያዜም ሸማኔው ከሽመና ጉድጓዱ ገብቶ መወርወሪያውን ያስሮጣል። የሁለቱን ድምፅ ስለ ለመድሁት አንዱ ከሌለ ሌላው የታመመ ይመስለኝ ነበር። ሸማኔው ቀልደኛ ነው። «መሪጌታ፣ ዛሬ ፈጠን አድርገው ያዚሙልኝ፤ ለቅዳሜ ገበያ የማደርሰው ጋቢ አለብኝ» ብሎ በአጥሩ ላይ ይጮሃል። አባቴም «አንተ ጋቢህን ቀስ ብለህ ሥራ፤ የኔ ዜማ በክንድ አይሸጥም» ይለዋል።

በእኛ አገር እስላምና ክርስቲያንን የሚለየው ሥጋ ነው። እንጀራ፣ ቆሎ፣ ሽሮ፣ ሁሉን እንዋዋሳለን። ሥጋ ሲሆን ግን በማን ስም ታረደ ተብሎ ይጠየቃል። እስላም ያረደውን የበላ ክርስቲያን ሃይማኖቱን ለወጠ ይባላል፤ ክርስቲያን ያረደውን የበላ እስላምም በወገኖቹ ዘንድ እንዲሁ ነው። ይህን የማያውቅ ሕፃን እንኳ አልነበረም። ስለዚህ ጎረቤት ለጎረቤት ከሚጠብቀው ነገር ሁሉ ትልቁ ይህ ነበር፤ የሌላውን ሰው አፍ መጠበቅ።

እናቴን ተስቦ የያዛት የፋሲካው ዶሮ ተበልቶ ሳያልቅ ነው። ተስቦ የገባበት ቤት ልጅ አይቀመጥም። የእናቴ ዘመዶች ከማክሰኝት ወዲያ ናቸው፤ ቢላክባቸውስ ማን ደፍሮ ይመጣል? የሸማኔው ሚስት አጥሩ ላይ ቆማ «ልጅቱን ወዲህ በሉ» አለች። እኔ ያኔ የፊት ጥርሴ የወለቀ ልጅ ነኝ። እናቴ ከደጃፉ ወጥታ፣ ግድግዳውን ተደግፋ፣ አፏን በነጠላ ሸፍና ስትናገር እስከ ዛሬ ትታየኛለች።

«እህቴ፣ አደራ። ያገኘሽውን አብያት፤ ሥጋ ብቻ እንዳታበይብኝ።»

«ወላሂ አላበላትም» አለች የሸማኔው ሚስት። «አንች ብቻ ተነሽ።»

እናቴ አልተነሳችም። ያ ቃል ግን በሁለቱ መካከል እንደ ተሰጠ ቀረ።

እኔ ሴትዮዋን «እትየ» ነበር የምላት። እትየ በማግሥቱ ወደ ወለቃ ወርዳ ከሸክላ ሠሪዎቹ አዲስ ድስት ገዝታ መጣች፤ ሥጋ ያልነካው፣ የኔ ብቻ የሚሆን። በዚህ አልበቃትም። ልጅ ከልጅ ያጎርሳል፣ ሳህን ይቀያየራል ብላ ፈራችና ከቤቷ ሥጋ የሚባል ነገር ጨርሶ አስቀረች። የበዓለ ኀምሳ ወቅት ነው፤ በየክርስቲያኑ ቤት ሥጋ ይጠበሳል፣ እስላሞቹም አይጾሙም፤ በዚያ ቤት ግን ጠዋት ሽሮ፣ ማታ ምስር ነው። ሸማኔው ሥጋ ሲያምረው ወንድሙ ቤት ሄዶ ይበላና አፉን ተጉመጥሙጦ ይመለሳል። «ይች የመሪጌታ ልጅ ቤቴን ገዳም አደረገችው» እያለ ይስቃል። «ትንሽ ብትቆይ ቆብ ታስደፋኛለች።»

በዚያው መካከል አረፋ ደረሰ። ትልቁ በዓላቸው ነው፤ ያለ እርድ አይከበርም። እትየ በጉን ከግቢዋ አላሳረደችም፤ የባሏ ወንድም ቤት ታርዶ እዚያው ተሠርቶ እዚያው ተበላ። እኔን ከእሷ ጋር አስቀርታ እሷም ሳትሄድ ዋለች። ከሰዓት በኋላ ልጇ፣ እኩያዬ ናት፣ ከአጎቷ ቤት ስትመጣ አንድ የተጠበሰ ጎድን በመዳፏ ደብቃ አመጣችልኝ። ልጅ ነን፤ ወዳኝ ነው። ሽታው እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ላይ አለ። ወደ አፌ ሳስጠጋው እትየ ከየት እንደ መጣች ሳላውቅ እጄን ይዛ ሥጋውን ወረወረችው፣ ልጇን በጥፊ አጮለቻት፣ የኔን ጣቶች አንድ በአንድ በውሃ አጠበች። እኔ አለቀስሁ። አልዋሽም፣ ያለቀስሁት ስለ ሥጋው ነው።

«ዝም በይ፣ ሸጋየ» አለችኝ። «እናትሽ ስትድን የራሷን ዶሮ ትሠራልሻለች። ይህን ብትበይ ምን ዓይኔን ይዤ አያታለሁ?»

ከአረፋ በኋላ ሳምንት ሳይሞላ እናቴ ሞተች። አባቴ ከቀብር መልስ ወደ ሸማኔው ቤት መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ዓይኑ አብጦ ነበር። ምሳዬ ቀርቦ ስለ ነበር እጁን ታጠበና ከሳህኔ ቆርሶ አብሮኝ በላ። እትየ ደንግጣ «መሪጌታ፣ ከእኛ ቤት?» ስትለው፣ «ሽሮ ሃይማኖት የለውም» አላት። ከዚያ አዲሱን ድስት አየ፣ ከቤቱ ሥጋ መጥፋቱን ከሸማኔው ሰማ፣ የአረፋውንም ነገር እሷው ነገረችው። ተነሥቶ «እግዚአብሔር ይስጥሽ፤ ሚስቴ ቃልሽን ይዛ ሄደች» ብሎ እጇን ሳመ። ይህን ያየሁት እኔ ነኝ። አባቴ አላወቀም ነበር እንዳይባል ነው የምነግራችሁ።

አርባው ከወጣ በኋላ አክስቴ መጥታ ወደ ቤታችን ተመለስሁ። እትየ ግን እናትነቷን አልተወችም። ጸጉሬን የምትሠራኝ እሷ፣ ስታመም የምትሮጥ እሷ፣ ሴት ልጅ የሚደርስባት ሁሉ ሲደርስብኝ ያስረዳችኝ እሷ ናት። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት እንዲሉ፣ አክስቴ እንኳ «እናትሽ ጠራችሽ» ስትለኝ ወደ አጥሩ ማዶ ማለቷ እንደ ሆነ አውቅ ነበር።

ለአቅመ ሔዋን ስደርስ አባቴ ከቅኔ ተማሪዎቹ ለአንዱ አጨኝ። ልጁ ዲያቆን ነው፤ ከጃናሞራ፣ ከመካነ ብርሃን የመጣ የቄስ ልጅ፣ ቁመናው ሸጋ፣ ቅኔውም ሸጋ። ተክሊል ደርሶ፣ ቆርበን ልንጋባና እሱ በኋላ ቅስና ሊቀበል ነው። አባቴ በዚህ ጋብቻ የነበረው ደስታ ልክ አልነበረውም። ወንድ ልጅ የለውም፤ ዜማውንም ቅኔውንም የሚወርሰው ይህ አማች ነው። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። ሸማኔው የሠርግ ልብሴን መሥራት ጀምሮ ነበር፤ እትየ በየቀኑ እየመጣች ስለ ጥለቱ ታጫውተኛለች፤ «ያንች ጥለት ከንጉሥ ልጅ አያንስም፤ ባሌ ለኔ እንኳ እንዲህ አልሠራ» እያለች።

ሠርጉ ሦስት ሳምንት ሲቀረው አባቴ ለብቻዬ ጠራኝ። መቋሚያውን በሁለት እጁ ይዞ፣ አገጩን እላዩ አሳርፎ ተናገረ።

«የልጁ ወገኖች ልጅ ሆነሽ በእስላም ቤት መክረምሽን ሰምተዋል። የእስላም ሥጋ የበላች እንደ ሆነስ ብለዋል። ቄዳር ካልተደገመላት አንቀበልም ነው የሚሉ።»

ቄዳር ሃይማኖቱን ለውጦ ለተመለሰ ወይም የእስላም ሥጋ ለበላ ክርስቲያን የሚደገም ጸሎት ነው። ሰውየው በደሉን ይናዘዛል፣ ጸሎቱ በውሃ ላይ ይደርሳል፣ በዚያ ውሃ ይጠመቃል፤ እንደ ገና ክርስቲያን ይሆናል።

«አባየ፣ እኔ እኮ አልበላሁም።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ እንዲያ በላቸው።»

«ልጄ፣ እኔ አልበላችም ብል የአባት ቃል ነው፤ ማን ይሰማኛል? ነገ ባልሽ ቅስና ሊቀበል ሲል አንድ ጠላት ይህን ቢያነሳ ሁለታችሁም ጠፋችሁ። አንድ ቃል ነው። አዎ ትያለሽ፤ ውሃው ይፈስሳል፤ ያልቃል። ማንም አይሰማም።»

ጥምቀት አንዲት ናት እያለ ልጅ የሚያስተምር ሰው ነው እንግዲህ ይህን የሚለኝ። እኔ ግን ያኔ ስለ ሥርዓቱ አላሰብሁም፤ ስለ እትየም አላሰብሁም። ያሰብሁት ስለ ዲያቆኑ ነው። እሺ አልሁ።

ጠዋት ማልደን ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ካህናቱ ሦስት ነበሩ። ዋናው የንስሐ አባታችን ነው፤ ከሕፃንነቴ ጀምሮ የሚያውቀኝ፣ ሲያየኝ ከኪሱ ዳቦ የሚያወጣልኝ ሽማግሌ። አባቴ ከግንቡ አጠገብ ቆሟል። ቄሱ «የእስላም ሥጋ በልተሻል?» አለኝ። አባቴን አየሁት፤ እሱ መሬት መሬት ያያል። «አዎ» አልሁ። እዚህ ላይ የሚያልቅ መስሎኝ ነበር።

«መቼ?» አለኝ ቄሱ።

ይህን አባቴ አላስጠናኝም። ደነገጥሁ። ልቤ ውስጥ ከሥጋ ጋር የተያያዘ ትዝታ ያለኝ አንድ ብቻ ነው፤ እሱኑ አወጣሁት።

«በአረፋ ዕለት።»

አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል ይባላል። እትየ ጣቶቼን አንድ በአንድ ያጠበችበትን ቀን አንሥቼ ሥጋ ያበላችበት ቀን አደረግሁት። ውሃው ቀዝቃዛ ነበር። ተጠመቅሁ፤ ሰውነቴ እስኪንቀጠቀጥ ተጠመቅሁ፤ አባቴ ጋቢውን አልብሶ «በረታሽ» አለኝ።

ማንም አይሰማም ያለው አባቴ የጎንደርን ሰው አያውቅም ማለት ነው። ከቅዳሜ ገበያ በፊት ወሬው አዲስ ዓለም ገብቶ አደረ። እናት የሌላትን የመሪጌታን ልጅ የሸማኔው ሚስት በአረፋ ሥጋ አብልታ ልታሰልማት ነበር፤ ልጅቱ ራሷ ለቄሱ ተናገረች፤ እንዲህ ነው የተወራው። «ልታሰልማት ነበር» የሚለውን እኔ አላልሁም። መንገድ ላይ የበቀለ ነው። ዘሩን ግን እኔ ሰጠሁ።

እትየ በአጥሩ በኩል አልመጣችም። ዞራ በዋናው በር፣ እንደ ባዕድ፣ በቀትር መጣች። አባቴ ከተማሪዎቹ ጋር ደጅ ተቀምጦ ነበር። ሳትጮህ ነው የተናገረች።

«መሪጌታ፣ በአረፋ ነው አሉ ያበላኋት። የትኛው አረፋ ነው? ልጄን በጥፊ የመታሁበት? አንቱስ ከሳህኗ አልቀመሱም? ምነው ያኔ ሥጋው አልታየዎት?»

አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። «ሥርዓት ነው እንጂ አንችን ለመንካት አይደለም። አትቀየሚ።»

«የነካችሁት እኔን ብቻ መቼ ሆነ? ለሞተች ሴት የሰጠሁትን ቃል ነው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። በረንዳው ላይ ቆሜ ነበር። «አንች ተናገሪ። እኔ አበላሁሽ?»

ተማሪዎቹ ሁሉ ያዩኛል። ከመካከላቸው አንዱ የኔ ዲያቆን ነው። አልበላሁም ብል ለካህን ዋሽቻለሁ፤ ሠርጉም አባቴም ቅስናውም አለቀ። በልቻለሁ ማለት ደግሞ ዓይኗን እያየሁ አልሆነልኝም። ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጣልሁና ወደ ቤት ገባሁ። ከዚያ የግቢው በር ከኋላዋ ሲዘጋ ሰማሁ።

የሠርግ ልብሴ በቀኑ ደረሰልኝ። ሸማኔው ሳያጓድል ጨርሶት፣ ከማላውቀው ሰው ጋር ላከው፤ ምርቃትም ቀልድም አልነበረበትም። በሠርጉ ዕለት እንደ ደንቡ ሁለት ዳስ ተጣለ፤ አባቴ ነው ያስጣለው። ለእስላሞቹ የሚታረድ ሙክት ከዳሱ ምሰሶ ጋር ታሰረ። አራጅ ግን አልመጣም። አንድም ሰው አልመጣም። ሽማግሌ ቢላክ «መርቀናል» ብለው መለሱ። በጉ ቀኑን ሙሉ እየጮኸ ዋለ፤ አዝማሪው እንኳ አልሸፈነውም። እንግዳው ሁሉ በዚያ ዳስ በኩል ሲያልፍ ዓይኑን ያዞራል። እኔ ዘውድ ደፍቼ ተቀምጬ የምሰማው ያንን በግ ነበር።

ወደ መካነ ብርሃን ሄድን። ደጋ ነው፤ ገብስና በግ፣ ብርዱ አጥንት የሚገባ። አማቴ ደግ ሴት ናት፤ እግሬን አጥባ ተቀበለችኝ፣ ቅቤ ቀባችኝ። እኔ ግን ያን ቅቤ እንኳ በጥርጣሬ አሸተው ነበር። «ቄዳር ካልተደገመላት አንቀበልም» ካሉት መካከል አንዷ እሷ ናት ብዬ ይዣታለሁ። ዘጠኝ ዓመት ቂም ያዝሁባት። ጥሩ ስትሠራልኝ አኮርፋለሁ፤ «ምነው ልጄ፣ ምን አጎደልሁብሽ?» ስትለኝ ምንም እላለሁ። ባሌንም አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሁትም፤ የዚያን ነገር ስም ማንሣት ራሱ ያቃጥለኝ ነበር። አባቴን ግን አዘንሁለት። ለኔ ሲል የማይገባውን አደረገ፣ እነሱ አስገደዱት ብዬ አዘንሁለት።

ባሌ ጎንደር አገልግሎት አግኝቶ ስንመለስ ሁለት ልጆች ወልጄ ነበር። ከእትየ ጋር ገበያ ላይ እንተያያለን። ሰላምታ አትነሣኝም፤ «ደኅና ነሽ? ልጆችሽ ደኅና?» ትላለች፣ ታልፋለች። ከሰላምታው በላይ አንድ ቃል ጨምራ አታውቅም።

አባቴ በዚያ ዓመት ሞተ። ለቀብሩ ሸማኔው መጣ። ከሰዉ ራቅ ብሎ፣ ራሱን በጋቢ ሸፍኖ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። አጠገቡ ስደርስ ቀና ብሎ «እንግዲህ ጠዋት ጠዋት ምን ሰምቼ እሠራለሁ?» አለኝ። ይህ ሰው ይቅር ብሎናል ማለት ነው ብዬ ተጽናናሁ። የተዝካሩ ድካም ሲያልፍልኝ ወደ እትየ ለመሄድ ቆረጥሁ። አባቴ የለም፤ የምጠብቀው ስም የለም፤ ባሌም ቅስናውን ተቀብሎ ጨርሷል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው፤ ይህን ሳላውቀው ቀርቼ አይደለም።

እትየ ከደጃፏ ጥላ ሥር ጥጥ ትፈትል ነበር። አርጅታለች። ልጇ፣ ያች ስለ እኔ ጥፊ የቀመሰችው፣ ለእንግዳ እንደሚገባው ልታቀርብ ስትነሣ እናቷ በእጇ ከለከለቻት።

«ተይ፤ ምንም እንዳታቀርቢላት። ከእኛ ቤት ውሃ እንኳ ብትቀምስ ኋላ ደግሞ ይደግሙባታል።»

የመጣሁበትን ተናገርሁ።

«እትየ፣ አልበላሁም ልልሽ ነው የመጣሁ።»

እንዝርቷን አቁማ አየችኝ። «ለኔ? ያበሰልሁት እኔ፣ ያጠብሁሽ እኔ፤ ለኔ ምን ትነግሪኛለሽ? እኔማ አውቃለሁ። ሄደሽ ለማያውቁት ንገሪ። ውሃውን ላፈሰሱብሽ ንገሪ። የእናትሽን አደራ በላች እየተባልሁ አልሙት።»

«እነግራቸዋለሁ።»

«ነግረሽ ስትመለሽ ንገሪኝ» አለችና እንዝርቷን አሾረች። «እጠብቅሻለሁ።»

ከዚያው ተነሥቼ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወጣሁ። የንስሐ አባታችን ዓይኑ ደክሞ፣ ከአጸዱ ሥር ባለች ጎጆ ፀሐይ ይሞቅ ነበር። በድምፄ ለየኝ፤ ነፍስ ይማር አለኝ፣ ስለ ልጆቼ ጠየቀኝ። እግሩ ሥር ተንበርክኬ ሁሉንም አወጣሁት። አልበላሁም አልሁት። በአረፋም በሌላም ቀን አልበላሁም፤ ሴትዮዋ ከእጄ ነጥቃ ነው የጣለች፤ ለእርስዎ ዋሸሁ፤ የልጁ ወገኖች አባቴን ስላስገደዱት ዋሸሁ አልሁት። እያለቀስሁ ነበር። ይቆጣኛል፣ ቀኖና ይሰጠኛል ብዬ ጠበቅሁ።

እሱ ራሴን በመስቀሉ ዳበሰኝ።

«አትጨነቂ ልጄ፤ እናውቃለን።»

«ምኑን?»

«አለመብላትሽን ነዋ። አባትሽ ያኔውኑ ነግሮናል። ወገኖቹም ምንም አላሉም፤ የጃናሞራ ሰው ይህን የት ሰምቶት? አባትሽ ነው ኋላ ነገር እንዳይነሣ አስቀድመን እንዝጋው ብሎ የመጣ። ለጥንቃቄ ነው። ጥንቃቄ ክፉ አይደለም።»

የአማቴ ፊት መጣብኝ፣ ዘጠኝ ዓመት ምን አጎደልሁብሽ ያለችኝ። የአባቴ ፊት መጣብኝ፤ አገጩን መቋሚያው ላይ አሳርፎ «አንቀበልም ነው የሚሉ» ሲል። ማንም አልጠየቀውም። በዓለም ላይ አንድም ሰው ሳይጠይቀው ነው ያስጠመቀኝ። አባቴን እወደው ነበር፤ አሁንም እወደዋለሁ መሰለኝ፤ ግን በዚያች ሰዓት ተዝካሩን ባላወጣሁለት ብዬ ተመኘሁ።

«ሴትዮዋስ፣ አባ?» አልሁት ቄሱን።

ጆሮውን ወደ እኔ አዘነበለ፤ ያልሰማኝ መስሎኝ ደገምሁለት።

«የትኛዋ ሴትዮ?» አለኝ።

ከዚያ ወጥቼ ቁልቁል ወደ አዲስ ዓለም የሚወስደው መንገድ ፊቴ ነበር፤ የመጣሁበት ነው። አልሄድሁበትም። በላይኛው በኩል፣ በግንቡ ዞሬ፣ እጥፍ መንገድ ተጉዤ ቤቴ ገባሁ። ነገርኋቸው ብላት፣ ምን አሉ ትለኛለች። ውሸቴን ያመነ ካህን ኖሮ አያውቅም፣ ስምሽ የጠፋው ሁሉም እውነቱን እያወቀ ነው፣ ደግሞም ረስተውሻል ብዬ እንዴት ልንገራት? ነገ እሄዳለሁ አልሁ። በማግሥቱም ነገ አልሁ። ሁለት ክረምት እንዲህ አለፈ፤ እሷም በሦስተኛው ሞተች። ልጇ ለለቅሶ ስሄድ የነገረችኝ፣ እስከ መጨረሻው ሳምንት በሩ በተንኳኳ ቁጥር ማን እንደ ሆነ ትጠይቅ እንደ ነበር ነው።